ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የመጣው አፕዴት፦ ከ5 ኮከብ 2

ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። ሦስት ኮምፒውተር፣ ሁለት ፕሪንተር፣ አንድ የጥራዝ ማሽን። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ሰኔ ሲመጣ ይህ ሰፈር ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ተማሪው ፍላሹን በእጁ ጨብጦ በሩ ላይ ይሰለፋል። «ጋሼ፣ ዛሬ ካላስረከብኩ አለቀልኝ» የማይል የለም። እውነታቸውን ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ሱቅ ወይም ስለ ምግብ ቤት አይደለም። ኮምፒውተራችንን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም በየጊዜው ስለሚልክልን አፕዴት ነው። እሱም አገልግሎት ነው። ዳታ እንከፍልበታለን፣ ሰዓት እንከፍልበታለን፤ ስለዚህ እንደማንኛውም አገልግሎት ጥሩውም መጥፎውም ሊነገርለት ይገባል። እኔ የምሠራበትን ሲስተም ስም ግን አላነሳም። በሌላ የሚሠሩ ጓደኞቼም የሚያማርሩት ይህንኑ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። አንዲት ተመራቂ ተማሪ አማካሪዋ በቀይ እስክሪብቶ ያረመላትን ወረቀት ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች። እሷ ታነባለች፣ እኔ አስተካክላለሁ። 94 ገጽ ነው። የማስረከቢያዋ ሰዓት 11። እኛ 71ኛው ገጽ ላይ ደርሰናል። ድንገት ስክሪኑ ጠቆረና አፕዴት እየተጫነ ስለሆነ ኮምፒውተሩን እንዳላጠፋ የሚነግር ጽሑፍ መጣ። ከሥሩ ፐርሰንቱ ይቆጥራል። 5፣ 12፣ 27። ልጅቷ አንዴ ስክሪኑን አንዴ እኔን ታያለች። «ፋይሉስ?» አለች። ምን ልበላት? 30 ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ።

መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ዩፒኤሴ አርጅቷል፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልያዘም። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ የጀመረውን ትቶ ወደ ድሮው መመለስ ጀመረ። መልሶ ደግሞ ከዜሮ አፕዴቱን ጀመረ። ጠቅላላው አንድ ሰዓት ከ50 ደቂቃ ወሰደ። ፋይሉ አልጠፋም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የመጨረሻው 20 ደቂቃ እርማት ብቻ ነው የሄደው። ግን ስንከፍተው የአማርኛው ፎንት፣ የፊደሉ ቅርጽ ማለት ነው፣ በሌላ ተተክቷል። ይህ ለማያውቀው ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። አዲሱ ፎንት ትንሽ ሰፋ ስለሚል 94 የነበረው ገጽ 101 ሆነ። ማውጫው ላይ ምዕራፍ ሦስት ገጽ 38 ይላል፣ ምዕራፉ ያለው 41 ላይ ነው። ሠንጠረዦቹ ከመሃል ተቆርጠው ወደሚቀጥለው ገጽ ወርደዋል። እሱን አስተካክዬ «ፕሪንት» ስል ደግሞ ምንም አይወጣም። ለካ የተለመደው ፕሪንተር ተቀይሮ ሥራውን የላከው ወደማይሠራ ፕሪንተር ነው።

አማካሪዋ ደግ ሰው ሆኖ ጠበቃት። ግን ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ያየሁትን አልረሳም። አራት ዓመት የለፋችበትን ነገር የያዘው ኮምፒውተር እሷንም እኔንም ሳይጠይቅ ተነሥቶ ሄደ። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው። አፕዴት መኖሩ አይደለም። ባለቤቱን አለመጠየቁ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ለሲስተሙ ሠሪዎች አስተያየት መላኪያው ላይ ጻፍኩ። «ሲስተማችሁ የማይረባ ነው፣ የሰው ሕይወት እያበላሻችሁ ነው፣ አታፍሩም?» የሚል። ልልከው ስል እጄን ያዝ አደረግሁ። ይህን የሚያነበው ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል? የትኛው አፕዴት? የትኛው ኮምፒውተር? ምን ሰዓት? ምንም አልነገርኩትም። ደንበኛ መጥቶ «ሥራህ አስቀያሚ ነው» ብሎኝ ቢወጣ እኔም የማስተካክለው ነገር የለኝም። «ገጽ 12 ላይ ቀለሙ ደብዝዟል» ቢለኝ ግን ወዲያው ቶነሩን አያለሁ።

ንዴት ትክክል ነው፣ አልቃወምም። ግን ንዴት ብቻውን የትም አይደርስም። በደንብ የተጻፈ ቅሬታ ግን ይደርሳል። ለዚህ ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2018 ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ያወጣው ትልቅ አፕዴት የአንዳንድ ሰዎችን ሰነድና ፎቶ አጠፋባቸው። ኩባንያው በቀናት ውስጥ ሥርጭቱን አቆመ፤ ተስተካክሎ እንደገና የወጣው ኖቬምበር 13 ነው። የሚያሳዝነው ግን ይህ አይደለም። አፕዴቱ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ሲሞክሩት የነበሩ ሰዎች «ፋይሌ ጠፋ» ብለው አስተያየት መላኪያው ላይ ጽፈው ነበር። ብዙ ሰው ስላልደገፋቸው ከሌላው አስተያየት ሥር ተቀበሩ። ፎንት አላማረኝም ያለውም ፋይሌ ጠፋ ያለውም እኩል ተሰልፈው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማይክሮሶፍት መላኪያው ላይ ሰው የጉዳቱን ክብደት የሚገልጽበት ቦታ ጨመረ። እንግዲህ ያ ቦታ ዛሬ ሲመጣላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። በብዙ ሰው ጉዳት የተገኘ ነው።

ሁለተኛው የአይፎን ነው። የአሮጌ አይፎን ባለቤቶች «አፕዴት ሳደርግ ስልኬ ይዘገያል» እያሉ ለዓመታት አማረሩ። የሚሰማ አልነበረም፤ የሚይዙት ማስረጃ የላቸውማ። በ2017 መጨረሻ አንድ ተጠቃሚ ባትሪውን ከመቀየሩ በፊትና ከቀየረ በኋላ የስልኩን ፍጥነት ለክቶ ቁጥሩን አወጣ። ሌሎችም ለኩ። በዚያው ወር አፕል ባትሪያቸው የደከመ ስልኮችን ፍጥነት በሶፍትዌር እንደሚቀንስ አመነ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋም ከ79 ዶላር ወደ 29 አወረደ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሰው የባትሪውን ጤንነት የሚያይበትና ማዘግየቱን የሚያጠፋበት ምርጫ መጣ። የዓመታት እሮሮ ያላደረገውን «በፊት ይህን ያህል፣ አሁን ይህን ያህል» የሚል ቁጥር አደረገው።

ስለዚህ የጻፍኩትን አጠፋሁና እንደገና ጀመርኩ። ችግሮቹን ለየኋቸው። ሪስታርቱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በራሱ ጠፍቶ መነሣቱ፣ አንድ፣ ፎንቱ ሁለት፣ ፕሪንተሩ ሦስት። ሦስቱም የተለያየ ሰው ሥራ ስለሆኑ አንድ ላይ ከተላኩ ማንም የእኔ ነው አይልም። የፎንቱን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«አፕዴቱ ከመጫኑ በፊት ሰነዱ 94 ገጽ ነበር፤ ከተጫነ በኋላ 101 ሆነ። ምክንያቱ የአማርኛው ፎንት በሌላ መተካቱ ነው። በሁለተኛው ኮምፒውተሬ፣ አፕዴቱን ባልጫነው ላይ፣ ያው ፋይል 94 ገጽ ነው። የሁለቱንም ስክሪንሾትና የቨርዥን ቁጥር አያይዣለሁ። ፎንት የሚቀየር ከሆነ አስቀድሞ እንዲነገረን እጠይቃለሁ። በአማርኛ መመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ሰው የገጽ ቁጥሩ ከተዛባ ሥራውን እንደገና ይጀምራል።»

ይህን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ነው የፈጀብኝ። ስድብ የለውም፣ ልምምጥም የለውም።

የሪስታርቱን ስጽፍ ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር አገኘሁ። ሲስተሙ «የሥራ ሰዓትህን ንገረኝ፣ በዚያ ሰዓት ሪስታርት አላደርግም» የሚል ምርጫ አለው። እኔ ሞልቼዋለሁ። ከ2 እስከ 12። ጠዋት 2 እከፍታለሁ፣ ማታ 12 እዘጋለሁ፣ አይደል? ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ለእሱ 2 ማለት ሌሊት 8 ነው፣ 12 ማለት እኩለ ቀን። ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት በሙሉ «ሥራ የለውም» ብሎ ይዞታል። ሪስታርቱ የመጣው 9 ሰዓት ላይ የሆነውም ለዚህ ነው። ሰፈሬ ያሉ አራት ቤቶች ሄጄ ጠየቅሁ። ሁለቱ ልክ እንደ እኔ ነው የሞሉት። በአማርኛ የተጻፈ ሴቲንግ ላይ «የሥራ ሰዓት ከስንት እስከ ስንት» ተብሎ የተጠየቀ ኢትዮጵያዊ በራሱ ሰዓት ነው የሚመልሰው፣ ሌላ ምን ያድርግ? ስለዚህ አራተኛ አስተያየት ላክሁ። ከቁጥሩ አጠገብ «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ሌሊት» የሚል ቃል እንዲጨመር። ያ ብቻ ቢኖር 2ን ሳስገባ «ሌሊት» ብሎ ያስጠነቅቀኝ ነበር።

እናንተም ዛሬውኑ እዩት። ጠዋት 2 ለመክፈት 8፣ ማታ 2 ለመዝጋት 20 ነው የሚገባው።

«ለምን አፕዴቱን ጨርሰህ አትዘጋውም?» ትሉኝ ይሆናል። «አፕዴት ዝጋልኝ» ብሎ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው ሞልቷል። እኔ አልዘጋም። ሜይ 12 ቀን 2017፣ በእኛ ግንቦት 4 ቀን 2009፣ ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ በአንድ ቀን ብዙ አገር አዳረሰ። ፋይል ይቆልፍና ገንዘብ ይጠይቃል። ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተር መታ፤ እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ቀጠሮ እስከመሰረዝ ደረሱ። ለዚያ ቀዳዳ መድፈኛው ግን ማርች 14 ላይ፣ ሁለት ወር ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው፣ ወጥቶ ነበር። በጊዜው የጫኑት ዳኑ። በእኔ ቤት በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚሰካ አስቡት። ከአንዱ ፍላሽ የገባ ቫይረስ የሌላውን ተማሪ ጽሑፍ ቢቆልፍ ምን ብዬ ነው ፊቱ የምቆመው? ስለዚህ ለደህንነቱ ሥራ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ፣ ሳልሰስት።

ዳታው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሦስት ኮምፒውተር አንዱን አፕዴት ሦስት ጊዜ ሲያወርድ ጥቅሉ ያልቃል። ዊንዶውስ 10 እና 11 የምትጠቀሙ፣ አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን ሌሎቹ እዚያው ቤት ውስጥ እንዲቀባበሉት የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ስሙ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ነው። በስልክ ሆትስፖት ስትሠሩ ደግሞ ኔትወርኩን «የሚለካ» አድርጋችሁ ምረጡት፤ ትልልቆቹን አፕዴቶች ያቆያቸዋል። የማይክሮሶፍት ወርኃዊ አፕዴት የሚወጣው በፈረንጅ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ነው፣ በእኛ ማታ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ረቡዕና ሐሙስን በንቃት ነው የምውለው። አፕዴት የሚጫንበትን ቀን ቅዳሜ ማታ አድርጌ መያዝ ጀምሬያለሁ፤ ፋይሎቹን ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጬ፣ ራሴ ቆሜ።

አሮጌ ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች ነገር ደግሞ ልቤን ያደማዋል። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ተመዝግቦ አንድ ዓመት ማራዘም ይቻላል። ዊንዶውስ 11 ግን ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ጽሕፈት ቤት፣ ስንት ቤተሰብ ነው ደህና የሚሠራ ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላው ኮምፒውተር ያለው? ቢሰበር እሺ። ያልተሰበረ ዕቃ ነው ጡረታ ውጣ የተባለው። ይህ በትክክል ሊጻፍ፣ ሊደገም፣ አሁንም ሊደገም የሚገባው ቅሬታ ነው።

ወደ ኮከቡ ልመለስ። ለደህንነቱ ሙሉ ነጥብ ብያለሁ። ባለቤትን ስለመጠየቅ ከተነሣ ግን አንድም ልሰጥ አልችልም። መብራት የሚሄድበት አገር ላይ እንደሚሠራ አስቦ ስለመዘጋጀቱም ዝቅተኛ ነው፤ ግማሽ ላይ የተቋረጠ አፕዴት ከዜሮ መጀመር የለበትም። ፋይሉን ስላላጠፋብኝ አመሰግናለሁ። ሲደመር ሲቀነስ 2 ነው። በሥራ መሃል ከመነሣቱ በፊት «አሁን ልጀምር ወይስ ማታ?» ብሎ ቢጠይቀኝና «ማታ» ስለው ቢሰማኝ 4 እሰጠዋለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ በመጣው አፕዴት የድሮው ፎንት ተመልሷል። በእኔ ጽሑፍ ነው አልልም፣ ሌላም ሰው ጽፎ ይሆናል። የሰዓቱ ጉዳይ ግን እስካሁን አልተነካም። አስተያየቱ እዚያው አለ፣ አምስት ሰው ደግፎታል። ሁለቱ እኔ ቤት ቁጭ ብለው ከስክሪንሾት ጋር የራሳቸውን የጻፉ ተማሪዎች ናቸው። አንደኛዋ ያቺ ልጅ ናት።