ሊብሪቮክስ፦ እንቅልፍ ላጣ ሰው የሚነበብ ግጥም

ሥራዬ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሒሳብ ስመረምር እውላለሁ። ማታ ጋደም ስል ቁጥሮቹ ተከትለውኝ ይመጣሉ፤ ያልታረቀ ሒሳብ ሳወጣና ሳወርድ ሌሊቱ ይጋመሳል። ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ ግን ከሊብሪቮክስ የጥንት ግጥም ንባብ ከፍቼ ነው የምተኛው። አብዛኛውን ሌሊት ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስደኛል።

ሊብሪቮክስ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረ ሲሆን፣ የቅጂ መብት ጊዜያቸው ያለፈ መጻሕፍትን በጎ ፈቃደኞች እያነበቡ የሚቀዱበት ድረ ገጽ ነው። ክፍያ የለውም። ከዚያ በፊት የሞከርኩት አንድ የእንቅልፍ መተግበሪያ ልክ ዓይኔ ሲከደን ማስታወቂያ እያንባረቀ ያስደነግጠኝ ነበር። እዚህ ግጥሙ ሲያልቅ ዝምታ ነው።

አንባቢዎቹ ብዙ ስለሆኑ ድምፅ መምረጥ የግድ ነው። ለእንቅልፍ የሚሆነው ግጥሙን የሚተውን ሰው አይደለም። ስንኙ ሲያልቅ ረጋ ብሎ የሚተነፍስ፣ ቤት መምቻው ላይ ድምፁን የማያነሳ ይሻላል። ምርጫውን ቀን ላይ ጨርሱት፤ በሌሊት የስልክ ብርሃን ላይ አፍጥጦ አንባቢ መፈለግ የመጣውን እንቅልፍ ያባርራል። ማዳመጫ ጆሮ ውስጥ ከትቶ በጎን መተኛት ስለሚያም፣ እኔ ስልኩን ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ መሳቢያውን ገርበብ አደርገዋለሁ። ድምፁን ቃላቱ ለጥቂት እስኪለዩ ድረስ ዝቅ አድርጌ፣ በ30 ደቂቃ እንዲዘጋ እሞላዋለሁ።

ለጀማሪ እ.ኤ.አ. በ1609 የታተሙት 154ቱ የሼክስፒር ሶኔቶች (አጫጭር ግጥሞች) ይመቻሉ፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም 14 ስንኝ ናቸው። በ27ኛው ላይ የሚናገረው ሰው ራሱ ደክሞት አልጋው ላይ ወጥቶ፣ ሐሳቡ ወደሚወደው ሰው እየተጓዘ ዓይኑ አልከደን ያለው ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ሌሊት፣ ያን ያህል ዘመን ቀድሞኝ እንደ እኔ የተገላበጠ ሰው እንዳለ ማወቄ ብቻ ቀለል አደረገኝ።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን የጥንቱ ግሪካዊ ባለቅኔ የሆሜር ረጅም የግጥም ታሪክ፣ ኦዲሲ ነው። ስታወርዱ የግጥም ትርጉም መሆኑን እዩ። የሳሙኤል በትለር ትርጉም ስድ ንባብ ስለሆነ ታሪኩን ለማወቅ ጥሩ ነው፤ የሚያስተኛው ግን ምቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ አንድ ጥናት፣ የሆሜር ግጥም በተጻፈበት በሄክሳሜትር ምት (በየስንኙ ስድስት ጊዜ በሚመታ ስልት) ግጥም ጮክ ብለው የሚያነበንቡ ሰዎች ትንፋሽና የልብ ምታቸው እየተናበበ እንደሚሄድ አሳይቷል። ጥናቱ ያያቸው አንባቢዎችን እንጂ አድማጮችን አይደለም። ያም ሆኖ መብራት አጥፍቼ ሳዳምጥ፣ ሳላስበው ትንፋሼ ከአንባቢው ትንፋሽ ጋር አብሮ ሲረዝም አስተውላለሁ።

ደጋግሜ የምከፍተው የኦዲሲን አምስተኛ መጽሐፍ (ክፍል) መጨረሻ ነው። የታሪኩ ጀግና ኦዲሴዎስ ባሕሩ ሲያንገላታው ከርሞ ወደ የብስ ይወጣና፣ ከሁለት ቁጥቋጦዎች ሥር የረገፈ ቅጠል ከምሮ ውስጡ ይገባል። ሆሜር ይህን ጎረቤት በሌለበት ዳር የሚኖር ሰው፣ እሳቱ እንዳይጠፋበት ፍሙን በአመድ ከማዳፈኑ ጋር ያመሳስለዋል። ከዚያ የግሪኮች አምላክ አቴና እንቅልፍን በዓይኖቹ ላይ ታፈሳለች። ቅጠሉን ሲከምር እሰማለሁ። አመዱ ጋ ሲደረስ ግን ብዙውን ጊዜ እኔም ተዳፍኛለሁ።