ለልጄ የሽንት ፊኛ ለደከመችልኝ ሲስተር

ስሟን እንዳልጽፍ አስምላኛለች፤ «ሥራዬ ነው፣ ምን ይወራል» ብላ። ስለዚህ ስሟን ትቼ ሥራዋን እናገራለሁ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመዋል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሽንቱ ይንጠባጠባል እንጂ ቀጥ ብሎ አይወርድም ነበር፤ ሌሊትም ፍራሹን ያርሳል። ያኔ ያሳየንበት ቦታ (ስሙ ይቅር) «ሲያድግ ይተወዋል» አሉን፣ አምነን ቤታችን ገባን። ለካ አንዳንድ ወንድ ልጆች ይዘውት የሚወለዱት፣ የሽንት መውጫን የሚዘጋ ስስ ሽፋን ኖሮበታል። በኋላ በቀዶ ሕክምና ቢነሳለትም ኩላሊቱ ተጎድቶ ነበር።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲባል የቤቱ ወሬ ሁሉ «ማን ይስጥ?» ሆነ። ወንድሜ ሰው ሳይቀድመው «እኔ አለሁ» አለ። ዩሮሎጂስቱ (የኩላሊትና የሽንት መስመር ቀዶ ሐኪሙ) ግን «መጀመሪያ ፊኛው ይታይ» ብሎ ወደ ሲስተር ላከን። እውነቱን ልናገር፣ ተናድጄ ነበር። ኩላሊት ላጣ ልጅ ፊኛ ምን ያደርግለታል?

ሲስተር አስቀምጣ ደብተር ላይ ሳለችልኝ። አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው በድሮው ቦታ ሳይሆን ከሆድ በታች በጎን በኩል ነው፤ ቱቦውም ከልጁ ከራሱ ፊኛ ጋር ይሰፋል። ፊኛው ደንድኖ የማይለጠጥ ወይም ሽንቱን የማይጨርስ ከሆነ ግፊቱ ወደ ላይ ይመለሳል፤ የመጀመሪያዎቹን የጎዳው አዲሱንም ይጎዳል። «የወንድምሽን ኩላሊት እዚህ ላይ ልትጥይው ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልተከራከርኩም።

ትምህርት በሌለበት ቅዳሜና እሑድ የጠጣውንም የሸናውንም በጆግ እየለካን ከነሰዓቱ እንድንጽፍ አዘዘችን። ልጁ ጨዋታ አደረገው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ቀስቅሶኝ «እማዬ፣ 110 ብለሽ ጻፊ» ይለኛል። በእሱ ዕድሜ ፊኛ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል ተብሎ ይገመታል። እሱ 90፣ 110፣ 130 እየሸና «ጨረስኩ» ሲል፣ አልትራሳውንዱ ግን 240 እንደቀረ አሳየ። ስንት ዓመት ሙሉ ተሸክሞት ሲሮጥ እንደኖረ እግዜር ይወቅ።

ካቴተር ታዘዘ፣ በቀን አራት ጊዜ፤ በሽንት መውጫው ገብቶ የቀረውን ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ነው። ጀርባቸው ተጎድቶ ስሜት ያጡ ልጆች አያማቸውም ይባላል፤ የእኔ ልጅ ግን ስሜቱ ሙሉ ነውና የመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ነበር። ሲስተር ከሥራ ስትወጣ ማራኪ ሰፈር ድረስ ቤታችን ትመጣለች። ቅባቱን ሳይሰስቱ መቀባት፣ ልጁ እንዲተነፍስ መጠበቅ፣ ሲኮማተር አለመግፋት፣ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አሳየችን። ጓንት ጓንት ስል «እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ይበቃል» አለችኝ። የባጃጅ ብር እንኳ አልተቀበለችም፤ ቡና ብቻ፣ እሱንም አቦሉን ጠጥታ ትሮጣለች። በሦስተኛው ሳምንት ልጄ «እማዬ ውጪ፣ ራሴ አደርገዋለሁ» ብሎ በር ዘጋብኝ።

ሽታው ያሳፍረው ስለነበር በዓል ላይ ከቤት አይወጣም ነበር። ዘንድሮ ጥምቀትን ከአጎቱ ጋር ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ዋለ። ሱሪው ርሶ ተመለሰ፤ በጠበሉ ነው!

ንቅለ ተከላው ገና ነው። ፊኛው ሲሞላ ግፊቱ ስንት እንደሚደርስ የሚለካው ምርመራ ይቀረናል። ግን የኩላሊቱ እብጠት ቀንሷል፣ ኢንፌክሽኑም እንደ ድሮው አይመላለስም።

ጎንደርና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ለልጃችሁ ካቴተር ታዞ እጃችሁ የፈራ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትመጡ የለካችሁበትን ደብተር ያዙ፣ ልጁንም መንገድ ላይ አታሸኑት፤ ፊኛው ሞልቶ ካልደረሰ አልትራሳውንዱ ከሸና በኋላ ስንት እንደሚቀር በትክክል አያሳይምና በሌላ ቀን ተመለሱ ትላችኋለች።