ለድሬ አሸዋ የትኛው ማርሚታ ይሻላል? የናይትሮ ትራክ ሦስት ማርሚታዎች ሲነጻጸሩ

በሪሞት የሚነዳው፣ በናይትሮ ነዳጅ የሚሠራው ትንሹ ትራኬ አዲስ ማርሚታ ስገጥምለት ባሰበት። ማርሚታው ከጅቡቲ በሰው እጅ የመጣ፣ የሚያብለጨልጭ አልሙኒየም ነው። ትራኩን ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አውርጄ ከቆመበት ለማስነሳት ነዳጅ ስሰጠው "ቡብ ቡብ ቡብ" ብሎ ጎማው እንኳን ሳይዞር ቀረ። አሮጌው ፕላስቲክ እንደዚህ አዋርዶኝ አያውቅም። ዙሪያውን ከበው የሚያዩት ልጆች ሳቁ። አንዱማ "አቦ፣ የድሮውን መልስለት!" አለኝ። ልክ ነበር ልጁ።

ከዚያ ወዲህ በዚያው 3.5 ሲሲ ሞተር ላይ ሦስት ዓይነት ማርሚታ ቀያይሬ ነድቻለሁ። አንደኛው ከትራኩ ጋር የመጣው ፕላስቲክ ነው። ሁለተኛው ያ አንገቱ አጭር፣ ባለ አንድ ክፍል አልሙኒየም። ሦስተኛው አንገቱ ረዘም ያለ፣ ውስጡ ለሁለት የተከፈለ አልሙኒየም። አንገት የምለው ከሞተሩ ወጥቶ የሚታጠፈውን ቧንቧ ነው።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት ማርሚታ ምን እንደሚሠራ ካልነገርኩህ የቀረው ወሬ አይገባህም። እዚህ ሞተር ላይ ማርሚታ ድምፅ መቀነሻ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ቱ ስትሮክ ነው፣ ቫልቭ የለውም። የጭሱ ቀዳዳ ሲከፈት የተቃጠለው ይወጣል፣ አዲሱ ነዳጅና አየር ይገባል፣ ከአዲሱም የተወሰነው ሳይቃጠል አብሮ ያመልጣል። ማርሚታው ውስጥ የሚሮጠው የግፊት ሞገድ መጀመሪያ እየሰፋ በሚሄደው በኩል ሲያልፍ ጭሱን ይስባል፣ ከዚያ እየጠበበ በሚሄደው ጫፍ ተጋጭቶ ይመለስና ያመለጠውን ነዳጅ ቀዳዳው ከመዘጋቱ በፊት ወደ ሲሊንደሩ ይገፋዋል። በሰዓቱ ከደረሰ ነው ታዲያ። ሞተሩ በደቂቃ 30,000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር የሚፈጀው የሰከንድ 2 ሺኛ ብቻ ነው። መንገዱ ካጠረ ሞገዱ ቶሎ ይመለሳል፣ ስለዚህ የሚመቸው በጣም ለሚሽከረከር ሞተር ነው። መንገዱ ከረዘመ ዘግይቶ ይመለሳል፣ ጉልበቱም ወደ ዝቅተኛውና ወደ መካከለኛው ዙር ይወርዳል።

እኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። አጭሩ ማርሚታ ላይኛው ዙር ላይ ሲደርስ የሚጮህ አውሬ ነው፤ ግን እዚያ ለመድረስ ጎማው መጀመሪያ መንከባለል አለበት። አሸዋ ደግሞ ጎማውን ይዞ አይለቅም። ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ላይ እየታገለ ሞገዱ ያለ ሰዓቱ ይመጣና ከማገዝ ይልቅ ይረብሸዋል። ሳቢያን በኩል አስፋልት ላይ ስሞክረው ግን ሌላ መኪና ሆነ። ትንሽ እንደተንደረደረ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ አውጥቶ ተተኮሰ፤ ከፕላስቲኩ እንደሚበልጥ ለማወቅ ሰዓት መያዝ አላስፈለገኝም። እዚያው ያለ የባጃጅ መካኒክ ወጥቶ "ይሄ ማርሚታ ነው ወይስ ፊሽካ?" አለኝ።

ድምፁን እንደ ቀላል አትየው። ድሬ ከምሳ በኋላ ከተማው ይተኛል፣ ያልተኛው በርጫ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ባለ አንድ ክፍሉን ማርሚታ ብታስነሳ መጀመሪያ ጎረቤት፣ ቀጥሎ እናትህ ይመጡብሃል። ባለ ሁለት ክፍሉ ጭሱ ሌላ ክፍል አልፎ ስለሚወጣ ድምፁ ወፈር፣ ዝቅ ያለ ነው። ፕላስቲኩ ከሁሉም ዝም ያለ ነው።

ፕላስቲኩን ሰው ሁሉ ይንቀዋል፤ እኔ አልንቀውም። ቀላል ነው። ድንጋይ ቢመታው ይለጠጥና ወደ ቅርጹ ይመለሳል። አልሙኒየም ግን አንዴ ከተጎዳ እንደተጎዳ ይቀራል፣ የውስጥ ቅርጹ ስለሚበላሽ ሞገዱም አብሮ ይበላሻል። የፕላስቲኩ ጉልበት ልከኛ ነው፣ ከላይም ከታችም አያስደንቅም፣ ግን አሸዋ ላይ ይነሳል። ችግሩ ሙቀት አይችልም። ይሄን ያወቅኩት በራሴ ጥፋት ነው።

አንድ ቅዳሜ ትራኩን ይዤ ሐረር ወጣሁ። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ ድሬ 1,200 ገደማ ናት። ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ድሬ ላይ ያስተካከልኩት ሞተር ነዳጅ በዝቶበት በጭስ ታፈነ። ከጀጎል ውጪ ሜዳ ላይ በካቻቢቴ የካርቡራቶሩን የላይኛውን መርፌ፣ ማለትም የነዳጁን መጠን የምታስተካክልበትን ብሎን፣ ጠበብ አደረግኩት፣ ቆንጆ ሆነ፣ ከሰዓቱን ሙሉ ስነዳ ዋልኩ። በማግስቱ የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬ ወርጄ፣ መርፌውን ሳልነካ፣ በቀትር አሸዋ ላይ ለቀቅኩት። ታች ያለው አየር ወፈር ይላል፤ ሙቀቱ ትንሽ ያሳሳዋል እንጂ ልዩነቱን ጨርሶ አያጠፋውም። ነዳጁ አነሰ፣ አሸዋው ሞተሩን አስጨነቀው፣ የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ራሱ ትኩስ ነው። አምስት ደቂቃ እንኳን አልቆየም። የፕላስቲክ ሽታ መጣ፤ ሮጬ ስደርስ የማርሚታው አፍ ከአንገቱ ጋር የሚገናኝበት ጋ እንደ ሰም ለስልሶ ተጣሞ ነበር። ሞተሩ መትረፉ የእግዜር ሥራ ነው።

ስለዚህ ሐረርና ድሬ እየተመላለስክ የምትነዳ ከሆነ፣ ወይም መርፌ ማስተካከል ገና እየተማርክ ከሆነ፣ አልሙኒየም ግዛ። ፈጣን ስለሆነ ሳይሆን ስህተት ስለሚችል።

ባለ ሁለት ክፍሉ፣ አንገቱ ረዘም ያለው፣ አሁን ትራኬ ላይ ያለው ነው። የአጭሩን ያህል አይሮጥም። ግን ከአሸዋ ውስጥ ነዳጅ ስትሰጠው ሳያመነታ ይነሳል፣ የፊት ጎማውን ከፍ አድርጎ የሚወጣበት ጊዜም አለ። የወንዙን ዳር ዳገት ሲወጣ ነዳጅ መልቀቅ አያስፈልገኝም። ለኔ ትልቁ ነገር ደግሞ ነዳጁ ነው። አጭሩ ጉልበት የሚሰጠው ላይ ሲጮህ ብቻ ስለሆነ ሳታውቀው ሁሌ ጥግ ድረስ ትሰጠዋለህ፣ ታንኩ ቶሎ ያልቃል። የናይትሮ ነዳጅ ደግሞ እዚህ ድሬ ታይዋን ገበያ ገብተህ እንደ ቻርጀር የምታነሳው ዕቃ አይደለም። ሜታኖልና ናይትሮሜቴን ስለሆነ በአውሮፕላን ሻንጣ አይገባም፣ በየብስ የሚያመጣልህ ሰው መለመን አለብህ። በልመና የመጣን ነዳጅ በጩኸት መጨረስ ያሳዝናል።

አጭሩን ለማን እመክራለሁ? አስፋልት ወይም የተደለደለ ጠንካራ ሜዳ ለሚነዳ፣ ሌላ ሰው ጋር ለሚሽቀዳደም፣ ነዳጅ ለማይቸገር። አንዳንዱ ላይ የኢፍራ ቁጥር ታትሞበታል፣ ኢፍራ የአውሮፓ የሬዲዮ መኪና ውድድሮች ፌዴሬሽን ነው። ለደቻቱ ቁጥሩ ምንም አያደርግልህም፣ ለቁጥሩ ብለህ ተጨማሪ ብር አትክፈል።

ብየዳ ቤት ወስጄ በቆርቆሮ አሠራለሁ የምትለኝም አለህ። ሞክሬዋለሁ። ለባጃጅ ይሁን።

የትኛውንም ብትገዛ ገጥመህ ወዲያው እንዳትለቀው። ከማርሚታው ወደ ነዳጅ ታንኩ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች፣ ነዳጁን ወደ ካርቡራቶር የሚገፋው ግፊት የሚመጣው በሷ ነው። ማርሚታ ሲቀየር ግፊቱ ይቀየራል፣ የሚደርሰው ነዳጅም ይቀየራል። ጫፉ ላይ ያለችው የጭስ መውጫ ሰፋ ካለች ግፊቱ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ሳታስበው ነዳጅ ያጥረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ መርፌው የነበረበትን ቦታ በማርከር ምልክት አድርግ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ወደ ግራ ከፍተህ ጀምር። ጭሱ በደንብ እየታየ ይሂድ። ሲሞቅ ጥቂት ጥቂት እያልክ አጥብበው። የሙቀት መለኪያ ካለህ የሞተሩ ራስ ላይ ከ105 እስከ 125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥሩ ነው። ከሌለህ ጠብታ ውሃ ራሱ ላይ ጣል። ቻስ ብላ ወዲያው ከጠፋች ግሏል፣ አጥፋው። ሦስት አራት ሰከንድ ያህል ፈልታ ካለቀች ደህና ነው። ዝም ብላ ከተቀመጠች ነዳጅ በዝቶበታል።

ልጆቹ የሳቁብኝ ቀን የኔ ጥፋት ግማሹ እዚህ ነበር፣ መርፌውን አልነካሁትም። ኋላ አስተካክዬው በአጭሩ ማርሚታ አሸዋው ላይ ደግሜ ሞከርኩ። ተሻለ። አሁንም ግን ከባለ ሁለት ክፍሉ አይደርስም።

ብር ከመክፈልህ በፊት ሻጩ በቪዲዮ እንዲያሳይህ የምትጠይቀው፦ ሞተርህ ጭሱን በጎን ነው ወይስ በኋላ የሚያወጣው? አንገቱ ከዚያ ጋር ካልገጠመ ማርሚታው ጌጥ ነው። የታንኩ ቱቦ የምትሰካባት ጡት አለች? ክፍት ናት ወይስ ደፍነዋታል? አንገቱ ሞተሩ ላይ የሚያርፍበት ጓርኒሲዮንና የሲሊኮን ማያያዣው አብሮ ይመጣል? ማያያዣው ከሌለ የባጃጅ የነዳጅ ቱቦ ቆርጠህ አትጠቀም፣ ይቃጠላል፣ በክፍተቱ ዘይት ይረጫል፣ የታንኩ ግፊትም ይወርዳል። የኔ ባለ ሁለት ክፍል ያለ ማያያዣ ነው የመጣው፤ አንድ ትንሽ ጎማ ጠብቄ ሦስት ሳምንት ትራኩ አልጋ ስር ተቀመጠ።