የወገብ ቀበቶው አግዞኛል፣ ያዳነኝ ግን እሱ አይደለም

ወገቤን የያዘኝ በቀላል ነገር ነው። ወለል ላይ የነበረ ካርቶን አንስቼ ቀና ሳልል ወደ ጎን ዞርኩ። ቅጭ አለብኝ። ጠረጴዛ ተደግፌ ቀረሁ፤ መቆምም መቀመጥም አቃተኝ። በማግስቱ ይሄን ቀበቶ ገዛሁ፣ ሦስት ሳምንት አሰርኩት።

ከአልጋ ስነሳ በጣም ያግዘኝ ነበር። ሰፊ ላስቲክ ሆኖ ከጀርባ በኩል 4 ቀጫጭን ብረቶች አሉት፣ ከፊት በቬልክሮ ይጣበቃል፣ ከዚያ የግራና የቀኙን ማጥበቂያ ስትስቡት ወገብን እቅፍ ያደርጋል። ልጎንበስ ስትሉ ብረቶቹ ይይዟችኋል፣ ሳታስቡት ጉልበታችሁን ታጥፋላችሁ። የወደድኩለት ይሄን ነው። ብዙ ሲቀመጡ ግን ወደ ላይ እየሸሸ ጎድንን ይወጋል፣ ያልባል፣ ከስር ስስ ካናቴራ ካልለበሳችሁ ቆዳ ይልጣል።

ማሸጊያው ላይ «ወለምታን ይፈውሳል» የሚለውን ግን አትመኑ። ወለምታ ማለት አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ከልኩ በላይ ሲለጠጥ ወይም ሲበጠስ ነው። ቀበቶ ይሄን አይጠግንም። እኔ ካርቶኑን ስረግም ከረምኩ፤ ከባድ እንኳ አልነበረም እኮ! የጎዳኝ ጎንበስ ብዬ መዞሬ፣ ዕቃውን ከሰውነቴ አርቄ መያዜ፣ ከዚያም በፊት ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ እየዋልኩ የሆድና የጀርባ ጡንቻዬን ማድከሜ ነው። ጡንቻው ከደከመ ማስነጠስ ብቻውን ወገብ ሊይዝ ይችላል። ጤነኛ ሰው አስቀድሞ ቢያስረው ከጉዳት ይከላከላል የሚባለውንም የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 አይቶት በቂ ማስረጃ የለውም ብሏል።

ትልቁ ስህተቴ አራት ቀን መተኛቴ ነው። ጭራሽ ደረቅኩ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «አንድ ሁለት ቀን ይበቃል፣ ተነስና ተራመድ» አለችኝ። በ10 ደቂቃ እርምጃ ጀመርኩ፣ ቀበቶውን ቀስ በቀስ ቀነስኩ፣ በሦስተኛው ሳምንት ፈታሁት። አብዛኛው የወገብ ወለምታ በጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል። እግራችሁ ከዛለ፣ ብሽሽት አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ግን ቀበቶ አትፈልጉ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። የምትገዙ ከሆነ በሱሪ ቁጥር አትምረጡ፤ እምብርታችሁ ላይ በሜትር ተለኩ፣ እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ጠቦኝ መልሼዋለሁ።