የሽንት ዕፅ መመርመሪያ ስትሪፕ፦ ትራማዶል ከሌለበት አይግዙ

ከጥቁር አንበሳ ወደ ተክለ ሃይማኖት ባለው መስመር፣ ፋርማሲና የሕክምና ዕቃ መሸጫ ገብተው ልጃቸው ያሳሰባቸው ወላጆች የሚጠይቁት ዕቃ አለ፤ ሽንት ውስጥ የሚነከር የአደንዛዥ ዕፅ መመርመሪያ። ዕቃው ጥሩ ነው። የሚሳሳቱት አመራረጡና አነባበቡ ላይ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ማሸጊያው ላይ የተዘረዘሩትን ያንብቡ። "አምስት ዓይነት ይለያል" የሚባለው ኪት ብዙውን ጊዜ እንደ ካናቢስ፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚንና ሞርፊን ያሉትን ነው የሚፈልገው። ያለ ሐኪም ማዘዣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የሕመም ማስታገሻ ትራማዶል ግን በሞርፊኑ መስመር አይያዝም፤ ሥራው ቢመሳሰልም አወቃቀሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ትራማዶልም፣ የዳያዚፓም ወገን የሆነው የማረጋጊያ መድኃኒት ቤንዞዳያዜፒንም ለየብቻቸው የተጻፉበትን ይውሰዱ። ሁለቱ ከሌሉበት በርካሽ ቢሰጥዎትም ይለፉት። ጫት እንዲለይ ታስቦ አልተሠራም። እሽጉ የተቀደደ ከሆነ እርጥበት ገብቶበታልና አይቀበሉ።

አዲስ ሽንት በንጹሕና ደረቅ ዕቃ ይቀበሉ። ስትሪፑን ከቀስቱ ምልክት ሳያሳልፉ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ነክረው ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙት። በ5ኛው ደቂቃ ያንብቡ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚታየው አይታመንም። አሁን ልብ ይበሉ፤ አነባበቡ የእርግዝና መመርመሪያ ተቃራኒ ነው። ሁለት መስመር ከወጣ ዕፅ አልተገኘም፤ "ሲ" (C፣ ስትሪፑ መሥራቱን የሚያሳየው ቦታ) ላይ ብቻ ከወጣ ተገኝቷል። "ቲ" (T፣ ዕፁ የሚመረመርበት ቦታ) ላይ ያለው መስመር እንደ ሸረሪት ድር ቢሳሳ እንኳ መስመር ነው፣ አልተገኘም ማለት ነው። በዚህች ስስ መስመር የተነሳ ንጹሕ ልጅ ሊወነጀል ይችላል፤ ሻጮች ዕቃውን ሲሰጡ ይህን አፍ አውጥተው ሊናገሩ ይገባል። "ሲ" ጭራሽ ካልወጣ ስትሪፑ ተበላሽቷል።

"ተገኘ" ቢልም በላብራቶሪ ሳይረጋገጥ ፍርድ አይስጡ። የቲቢው ሪፋምፒሲን በሞርፊን መስመር፣ ኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ኤፋቪሬንዝ ደግሞ በካናቢስ መስመር የሐሰት ውጤት የሚያመጡበት ጊዜ አለ። "አልተገኘም" ማለትም አይወስድም ማለት አይደለም፦ ትራማዶል በጥቂት ቀናት ከሽንት ይጠፋል፣ ብዙ ውኃ መጠጣትም ያቀጥነዋል። አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው ላይ ግን ካናቢስ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ደግሞም የሚመረመረው ሽንቱ እንጂ ክኒኑ አይደለም፤ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ስምም የምርት ቁጥርም ሳይኖረው በመንገድ የተሸጠ ክኒን ውስጥ ምን እንዳለ ስትሪፑ አይነግርዎትም።

ካርቶኑ ውስጥ የጎደለው ወረቀት ከውጤቱ በኋላ ምን እንደሚደረግ የሚነግር ነው። በሩን ቆልፎ "ከዛሬ ጀምሮ ተው" ማለት አደገኛ ነው፤ ዳያዚፓም ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል። ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪም ነው፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚህ የሚኬድበት ቦታ ነው። ትራማዶል የወሰደ ሰው ከተንቀጠቀጠ፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ስትሪፕ አይፈልጉ፤ በጎኑ አስተኝተው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደውሉ፣ ክኒኑ የነበረበትን ማሸጊያም ለሕክምና ባለሙያው ይስጡ።