ፊኛን ያስተወኝ ብረት፦ ደብረ ማርቆስ ያሠራሁት ወዳቂ ኢላማ

በበዓልና በባዛር ድንኳን ተክዬ በአየር ጠመንጃ ማስተኮስ እንጀራዬ ነው። ቤቴ ደብረ ማርቆስ ነው። ጥምቀት እዚሁ እውላለሁ፤ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እንጅባራ እወርዳለሁ፤ ሠርግ ሲበዛ ደግሞ እስከ ብቸናና ሞጣ እዘልቃለሁ። በሄድኩበት ሁሉ ደንበኛ የሚለኝ አንድ ነበር፦ «ፊኛ ሰለቸን።» እውነታቸውን ነው። ፊኛ ጫፉንም ነካኸው መሀሉን ይፈነዳል። አነጣጥሮ የሚተኩሰውና ዕድል የቀናው እኩል ይሸለማሉ። ፀሐይ ሲጠነክር ደግሞ ማንም ሳይተኩስበት በራሱ ጊዜ ይፈነዳና ኪሳራው የእኔ ይሆናል።

ስለዚህ ብረት አሠራሁ። እዚሁ ከተማችን በርና መስኮት የሚሠራ አንድ ብየዳ ቤት አለ። የምፈልገውን በወረቀት ስዬ ሰጠሁትና ሙሉውን በ6 ሺህ 500 ብር ተስማማን። የተረከብኩት በቱቦላሬ ላይ የተደረደሩ አራት ቆቆች፣ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ሁለት ክብ ላሜራዎችና አንድ ጅብ ነው። ቆቁ ሲመታ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ክቡ ሲመታ ይጮኻል፤ ልጆች ይወዷቸዋል። ገንዘቤን ያወጣልኝ ግን ጅቡ ነው።

ጅቡ ከላሜራ የተቆረጠ ነው፤ ደረቱ ላይ ሎሚ የማታሳልፍ ቀዳዳ አለችው። ከቀዳዳዋ ኋላ አንዲት ክብ ብረት ተቀምጣለች፤ እሷ ስትገፋ መቆለፊያው ይለቅና ጅቡ ይወድቃል። ሌላ ቦታ ብትመታው ይጮኻል እንጂ ንቅንቅ አይልም። በውጭ አገር «ፊልድ ታርጌት» የሚባለው የአየር ጠመንጃ ስፖርት የሚጫወቱበት ኢላማ በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠራው፤ እነሱ እስከ 50 ሜትር ገደማ ርቀው ይተኩሱበታል፣ እኔ 10 ሜትር ላይ አቁሜዋለሁ። 10 ሜትር አነሰች የሚለኝ አለ። የኦሎምፒኩ የአየር ጠመንጃ ውድድርም በ10 ሜትር ነው፤ የአሥር ነጥቧ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። ርቀት አጭር ሲሆን ኢላማውን ማሳነስ ነው መፍትሔው።

እንጅባራ ላይ፣ የፈረሰኞቹ ትርኢት ካበቃ በኋላ፣ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት መጡ። ጎረምሶቹ የጅቡን ሆድና ጭንቅላት ሲያንኳኩ ቆመው አዩ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ጅብ የሚወድቀው የቱ ጋ ሲመታ ነው?»

«ደረቱ ላይ ካለችው ቀዳዳ ሲገባ ብቻ ነው አባቴ።»

«በል አምጣው።»

ዱላቸውን ለልጅ ልጃቸው ሰጡና ጠመንጃውን ተቀበሉኝ። እንደ ጎረምሶቹ ቆመው አልተኮሱም፤ ተንበርክከው የግራ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደገፉ። የመጀመሪያዋ ከቀዳዳዋ ከፍ ብላ አረፈች። ነጩ ቀለም ላይ የእርሳስ ጥይቷ የተወችውን ግራጫ ነጥብ አዩና አፈሙዙን ጥቂት ዝቅ አደረጉ፤ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ምላጩን ሳቡ። ጅቡ ተገነደሰ። አንዱ ጎረምሳ «ዘራፍ!» ብሎ ዘለለ፤ ከኋላ እልልታ ቀለጠ። እሳቸው ግን ማንም ሳይነግራቸው አፈሙዙን ወደ ምድር አድርገው ነው ጠመንጃውን የመለሱልኝ። ከዚያ በኋላ የተሰለፉት ወጣቶች በሙሉ እየተንበረከኩ መተኮስ ጀመሩ።

ነጩን ቀለም ችላ እንዳትሉት። የሳተ ሰው የት እንደሳተ ካላየ አይማርም፤ ካልተማረ ደግሞ ሁለተኛ አይመጣም። በየማለዳው በስፕሬይ አዲስ ቀለም እነፋበታለሁ።

ለጎረምሶቹ ሌላ ጨዋታም አበጅቻለሁ። ባያትሎን የሚባል የበረዶ ስፖርት አለ፤ ተወዳዳሪዎቹ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ መጥተው በ50 ሜትር አምስት ኢላማ ይተኩሳሉ። ተኝተው ሲተኩሱ የኢላማው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቆመው ሲተኩሱ 115። አስቸጋሪ የሚያደርገው ልብ ድው ድው እያለች ማነጣጠሩ ነው። እኛ በረዶ ባይኖረንም ሯጭ ሞልቶናል። ሁለት ልጆች እስከ ባሕር ዛፉ ሮጠው ይመለሱና አራቱን ቆቆች በየተራ ይተኩሳሉ፤ ሰዓት ይያዝላቸዋል። ጠመንጃው ጥይት ሳይገባበት ጠረጴዛው ላይ ነው የሚጠብቃቸው፤ የማጎርሰው እኔ ራሴ ነኝ። ቆሞ ሁሉንም የሚጥል ልጅ ሮጦ ሲመጣ ሁለቱን ይስታል። ያኔ ነው ትንፋሽ መያዝ ምን እንደሆነ የሚገባው።

የወደቀውን የማነሣው ከድንኳኑ ሆኜ በሲባጎ ነው። ማንም ሰው ከአፈሙዝ ፊት አያልፍም። ብየዳ ቤቱ ከሠራልኝ ሁሉ የማመሰግነው ይህን ነው።

ጉድለትም አለው። ማጠፊያው የበር ማጠፊያ ስለሆነ አቧራ ሲገባበት ይይዛል፤ ዘይት ካልጠጣ ጅቡ ተመትቶም አይወድቅም፣ ደንበኛም «አታለልከኝ» ይላል። እግሩ ጠባብ ነው፤ ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ እንዳይጥለው በማዳበሪያ ጆንያ አሸዋ ሞልቼ ጭኜበታለሁ። ከሁሉ የከፋው መጀመሪያ ሲመጣ ላሜራው ቀጥ ብሎ መቆሙ ነበር፤ የእርሳሱ ስባሪ ወደ ተኳሹ ይመለስ ነበር። ፊቱ ወደ መሬት ዘንበል እንዲል ነገርኳቸው፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስተካከሉልኝ፤ አሁን ስባሪው እግሩ ሥር ይቀራል። እንዲያም ሆኖ መነጽር ሳላደርግለት ማንንም አላስተኩስም። የምጠቀመውም የእርሳስ ጥይት ብቻ ነው፤ ድብልብሏ የብረት ጥይት ብረት ስትመታ ነጥራ ትመለሳለች። እርሳስ የነካ እጅ ደግሞ ሳይታጠብ ቆሎ አይዘግንም፤ ውኃና ሳሙና ድንኳኑ በር ላይ አለ።

«በክላሽ ይሠራል ወይ?» ያሉኝ አሉ። አይሠራም! ላሜራው ስስ ነው፣ ይበሳል፤ በዚህ ቅርበት ስንጥሩ ሰው ይጎዳል። ይህ ለአየር ጠመንጃ ብቻ የተሠራ ዕቃ ነው።

ዋጋው ለእኔ ተገቢ ነው፤ ለግቢው አንድ ጅብ ብቻ የሚፈልግ ሰው በጣም ባነሰ ያሠራል። የምታሠሩ ከሆነ ማጠፊያው በቡሽንግ (ዘንጉ ውስጡ በሚዞርበት ቀለበት) እንዲሆን፣ እግሩም ሰፋ እንዲል ከመበየዱ በፊት ተነጋገሩ። ታኅሣሥ ከገባ የበርና የመስኮት ትእዛዝ ስለሚበዛበት ወረፋው ይረዝማል። እኔ ለመጪው ጥር በሽቦ ላይ የምትሮጥ ጥንቸል አዝዤ ቀብዱን ከፍያለሁ።