ፊፍዝ ዊል ለመጎተት፦ የቤንዚን ወይስ የናፍጣ ፒክአፕ?

አሜሪካ ውስጥ ፊፍዝ ዊል ተሳቢ ለመግዛት ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ቤንዚን ይሻላል ናፍጣ?» ብሎ ነው። ሻጩም ሞተሩን አስነስቶ የፈረስ ጉልበቱን እየጠራ ይመልስለታል። ብዙውን ገዢ ለጸጸት የሚዳርገው ግን በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ሳያነብ መፈረሙ ነው። ስለዚህ ከወረቀቷ እንጀምር።

የበሩ ወረቀት ምን ትላለች?

ፊፍዝ ዊል እንደ ተራ ተሳቢ ከመከላከያው በታች ኳስ ላይ አይንጠለጠልም። አንገቱ የሚቀመጠው በፒክአፑ መጫኛ ውስጥ፣ ከኋላ አክስሉ በላይ በተገጠመ መቆለፊያ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ከተሳቢው ክብደት ቀላል የማይባል ድርሻ በቀጥታ መኪናው ጀርባ ላይ ያርፋል። ይህ የፒን ክብደት ይባላል። እንደ ተሳቢው አሠራር ከ15 እስከ 25 በመቶ ስለሚደርስ ለሒሳብ 20 በመቶ መያዝ ይበጃል።

የበሩ ወረቀት የተሳፋሪና የዕቃ ድምር ከስንት ፓውንድ ማለፍ እንደሌለበት ትነግራችኋለች። ቁጥሩ ለዚያች ለአንዲት መኪና የተጻፈ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ፣ ስማቸውም ዓመታቸውም አንድ የሆነ ሁለት ፒክአፖች በመቀመጫ፣ በጣሪያ መስኮትና በአራት ጎማ መንጃ ልዩነት ብቻ በመቶዎች ፓውንድ ሊራራቁ ይችላሉ። ማስታወቂያ ላይ ያለው «እስከ ይህን ያህል ይጎትታል» የሚለው ቁጥር የሚሠራው በጣም ለተራቆተው ሞዴል ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ተሳቢው ሙሉ ሲሆን 10,000 ፓውንድ ይመዝናል እንበል። ፒኑ 2,000 ነው። መቆለፊያው ራሱ 150፣ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር 600፣ መሣሪያና ማቀዝቀዣ ሣጥን 150። ድምሩ 2,900 ፓውንድ መጣ። የሦስት ሩብ ቶን (2500 ወይም 250 የሚባለው) ቤንዚን ፒክአፕ ወረቀቱ 3,300 ካለ ይችላል። የናፍጣው ሞተር፣ ሁለት ባትሪውና ተጨማሪ ዕቃው ግን መኪናውን ከ500 እስከ 700 ፓውንድ ያከብደዋል። ያ ሁሉ የሚቀነሰው ከመሸከም አቅሙ ነው። አምራቹ ጠቅላላ ክብደቱን 10,000 ላይ የወሰነው ናፍጣ ከሆነ ወረቀቱ 2,400 ብቻ ሊል ይችላል። 1,000 ፓውንድ-ፉት የሚጠጋ ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ያለው መኪና በቤንዚኑ የሚቻለውን ተሳቢ በሕጋዊ ክብደት መሸከም አቃተው ማለት ነው። ባሌስትራው ላይ የአየር ከረጢት ማስገጠም የኋላውን ጎንበስ ማለት ያስተካክላል እንጂ የወረቀቷን ቁጥር አይጨምርም።

ተሳቢው 14,000 ፓውንድ ከሆነ ፒኑ ብቻ 2,800 ነው፤ ሰውና ዕቃ ሲጨመር 3,700 ይደርሳል። እዚህ ላይ የሦስት ሩብ ቶን ክርክር ያበቃል፤ ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ አንድ ቶን (3500 ወይም 350) ያስፈልጋል። ከ16,000 በላይ ሲሆን ኋላው ጥንድ ጎማ የሆነው ዱዋሊ ነው መልሱ።

ጉልበቱ ጎን ለጎን

በቤንዚን በኩል የፎርድ 7.3 ሊትር 430 ፈረስና 485 ፓውንድ-ፉት፣ የጂኤም 6.6 ሊትር 401 ፈረስና 464፣ የራም 6.4 ሊትር 400 ፈረስ አለፍ ብሎ 429 ፓውንድ-ፉት ይሰጣሉ። በናፍጣ በኩል የፎርድ 6.7 ከ1,050 እስከ 1,200፣ ከ2024 ወዲህ ያለው የጂኤም ዱራማክስ 975፣ የ2025ቱ የራም ከሚንስ 1,075 ፓውንድ-ፉት አላቸው። ቶርኩ እጥፍ ነው ማለት ይቻላል፤ ያውም ከ2,000 ዙር በታች ይገኛል። ቤንዚኑ ይህን የሚያካክሰው በማርሽና በዲፈረንሻል ነው፤ ስለዚህ የቤንዚን መኪና ስትገዙ የዲፈረንሻሉን ቁጥር ጠይቁ። ፎርድ ላይ 4.30፣ ራም ላይ 4.10 ያለው ለመጎተት ይመረጣል። ያንኑ ሞተር በ3.73 ገዝቶ ዳገት ላይ ማማረር የተለመደ ነው።

ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ከፍታ ላይ ነው። ተርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር በየ1,000 ጫማ ከጉልበቱ ወደ 3 በመቶ ያጣል፤ አየሩ ይሳሳበታልና። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ናት፤ እዚያ የሚኖር ሰው ገና ከግቢው ሳይወጣ ወደ 16 በመቶ አጥቷል። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በአይ-70 ሲወጡ የሚያገኙት የአይዘንሃወር ዋሻ 11,158 ጫማ፣ 3,400 ሜትር ገደማ ነው፤ ከእንጦጦ ጫፍ ይበልጣል። እዚያ ሲደርስ 430 ፈረስ የነበረው ሞተር 290 ያህል ይቀረዋል። የናፍጣው ተርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉልበቱ ብዙም አይጎድልበትም። 14,000 ፓውንድ አስከትሎ ቤንዚኑ በ35 ማይል ሲያዘግም ናፍጣው በ55 የሚያልፈው ለዚህ ነው።

ቤንዚኑ ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሶ በ4,500 ዙር ሲጮህ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። መደንገጥ አያስፈልግም፤ ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው፣ ለዚያም ተሠርቷል። ዓይናችሁን የሙቀት መለኪያው ላይ አድርጉ፤ የራዲያተሩ ውሃና የካምቢዮው ዘይት ሙቀት እየጨመረ ከሄደ ፍጥነት ቀንሱ።

ከዳገቱ በላይ የሚያስጨንቀው ቁልቁለቱ ነው። ናፍጣው የጭስ ፍሬን አለው፦ የተርቦው ክንፎች ተዘግተው የሚወጣውን ጭስ ይገቱትና ሞተሩ መኪናውን ይይዘዋል። ከዋሻው በስተምዕራብ እስከ 7 በመቶ የሚደርሰውን ቁልቁለት እግራችሁን ፍሬን ላይ ሳታሳርፉ ልትወርዱት ትችላላችሁ። ቤንዚኑም ማርሽ ሲቀነስ ይይዛል፣ ግን የያዘው ከባድ ተሳቢ ሲሆን ብቻውን አይበቃም። አወራረዱ እንዲህ ነው፦ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ፤ ፍጥነቱ ካሰባችሁት ሲያልፍ ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ 5 ወይም 6 ማይል አውርዱ፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። ቀስ አድርጎ ረግጦ መቆየት ሸራውን ያቃጥለዋል። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ፍሬኑ መያዝ ሊተው ነውና ወዲያው ዳር ይዛችሁ ቁሙ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ጭኖ የወረደ ሾፌር ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም።

ገንዘቡ

ናፍጣ ሞተር በአዲስ መኪና ላይ ወደ 10,000 ዶላር ይጨምራል። «በነዳጅ ይመልሰዋል» ይባላል። እስቲ እንየው። በዓመት 5,000 ማይል እየጎተተ፣ 7,000 ማይል ባዶውን የሚሄድ ሰው እንውሰድ። ቤንዚኑ ሲጎትት በጋሎን 8፣ ባዶውን 13 ማይል፤ ናፍጣው 11 እና 17 ማይል ቢሄድ ቤንዚኑ 1,163፣ ናፍጣው 866 ጋሎን ይፈጃል። ቤንዚን 3.20፣ ናፍጣ 3.80 ዶላር ነው ብንል ልዩነቱ በዓመት 430 ዶላር ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ናፍጣው የሚጠጣው ዴፍ (ጭሱን ለማጣራት የሚረጨው የዩሪያ ውሃ) ወደ 90 ዶላር ይወስዳል። በቀረው 340 ዶላር 10,000ውን ለመመለስ 29 ዓመት ያስፈልጋል። ሲሸጥ ናፍጣው ዋጋውን ይዞ ስለሚቆይ ከ10,000ው ከፊሉ ይመለሳል፤ ለነዳጅ ቁጠባ ብሎ የገዛው ግን ሒሳቡ አይገጥምለትም።

ሆትሾት (በፒክአፕና በተሳቢ ጭነት በክፍያ ማጓጓዝ) ለሚሠራ ሰው ነገሩ ይለወጣል። በዓመት 80,000 ማይል የሚነዳ፣ በአማካይ በቤንዚን 9፣ በናፍጣ 12 ማይል ቢያገኝ፣ ዴፉ ተቀንሶ ወደ 2,400 ዶላር ያተርፋል። በአራት ዓመት ገደማ ጭማሪውን መለሰ ማለት ነው። (ለዚህ ሥራ ስትገቡ ከስቴት ስቴት ለክፍያ የምታጓጉዙበት መኪናና ተሳቢ ድምር ከ10,000 ፓውንድ ካለፈ የዶት (የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር) ቁጥር ያስፈልጋል። የተፈቀደው ድምር ከ26,000 አልፎ ተሳቢው ከ10,000 በላይ ከሆነ ደግሞ የክፍል ኤ ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ግድ ነው። ለቤተሰብ ሽርሽር ብቻ ቢሆንም ካሊፎርኒያ ከ15,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ፊፍዝ ዊል የንግድ ያልሆነ ክፍል ኤ መንጃ ፈቃድ ትጠይቃለች።)

የሚበላሸው ምንድን ነው?

ቤንዚኑ ቀላል ነው። ዘይቱ 7 ወይም 8 ኳርት፣ ካንዴላ በየጊዜው፣ ከዚያ ብዙ የለም። ከባድ እየጎተተ የኖረ ቤንዚን ሞተር የተለመደ ሕመሙ የጭስ ማውጫውን ከቴስታታው ጋር የሚያያይዘው ቡሎን መሰበር ነው። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ስታስነሱት ጠክ ጠክ ይላል፣ ሲሞቅ ብረቱ ተለጥጦ ክፍተቱን ስለሚዘጋው ይጠፋል። አሮጌ ስትገዙ ሻጩ መኪናውን አሙቆ ከጠበቃችሁ በማግስቱ ጠዋት ተመለሱ።

ናፍጣው ብዙ ይጠይቃል። ዱራማክስ 10፣ ከሚንስ 12፣ የፎርዱ 13 ኳርት ዘይት ይይዛሉ። የነዳጅ ፊልትሮ በየጊዜው ይቀየራል፣ ከፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመው ውሃም ይፈሳል። ይህችን ውሃ አትናቁ። ከፍተኛ ግፊት የሚፈጥረው ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ውሃ ወይም ቤንዚን ከገባበት ብረት ከብረት ይፋጫል። ሲፒ4 የሚባለው ፓምፕ ሲሰበር የብረት ብናኙን እስከ ኢንጀክተሮቹ ይልካል፤ ጥገናው ፓምፑን ብቻ ሳይሆን መላውን የነዳጅ መስመር ስለሚጨምር ወደ 10,000 ዶላር ይጠጋል። ጂኤም ከ2017 ጀምሮ ትቶታል፤ ራም በ2019 እና በ2020 መኪኖቹ ላይ አስገብቶ በኋላ በጥሪ መልሶ ቀይሮታል። በስህተት ቤንዚን ከሞላችሁበት ቁልፉን እንኳ አታዙሩ፤ ቁልፉ ሲበራ ትንሿ ፓምፕ ነዳጁን ወደፊት ትገፋዋለች። አስጎትታችሁ ታንከሩን አስጠርጉ። ሰማያዊ ክዳን ያለው ቀዳዳ የዴፍ ብቻ ነው።

ሌላው የጭስ ማጣሪያው ነው። ጥላሸቱን ይሰበስብና በከፍተኛ ሙቀት ያቃጥለዋል፤ ለዚህም ግማሽ ሰዓት ያህል የሀይዌይ ጉዞ ይፈልጋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት ለማድረስና አስቤዛ ለመሸመት በየቀኑ 4 ማይል የሚሄድ ናፍጣ ይህን ዕድል አያገኝም፤ ማጣሪያው ይደፈንና ጋራዥ ያስገባችኋል። መኪናችሁ በሳምንቱ ሁሉ የከተማ፣ በወር አንዴ የተሳቢ ከሆነ ያለጥርጥር ቤንዚን ግዙ። ማጣሪያው ተነቅሎ የሚሸጥ አሮጌ ናፍጣ ደግሞ በርካሽ ስታገኙ አትጓጉ፤ ሕገወጥ ነው፣ የጭስ ምርመራ ባለበት ስቴትም አያልፍም። ከሥር ገብታችሁ ስታዩ ከሞተር እስከ ጭራ ባዶ ቧንቧ ብቻ ከሆነ ተነቅሏል።

በብርድ አገር ናፍጣ ይረጋል። ሚኒሶታ ወይም ዳኮታ በክረምት የምትሄዱ ከሆነ ናፍጣው እንዳይረጋ የሚጨመረውን ፈሳሽ ብርዱ ሳይመጣ፣ ታንከሩን ከመሙላታችሁ በፊት ጨምሩ፤ ከረጋ በኋላ አያድነውም።

ለናፍጣ የሚመሰክርለት፣ ብዙ ሰው ግን ከገዛ በኋላ ብቻ የሚያየው ነገር ነዳጅ ማደያ ነው። 35 ጫማ ተሳቢ ያስከተለ ናፍጣ በትላልቅ መኪኖች መስመር ገብቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቤንዚኑ ከትናንሾቹ መኪኖች ጋር ጣሪያው ዝቅ ካለ ማደያ መጠማዘዝ አለበት፤ ፊፍዝ ዊል ደግሞ 13 ጫማ ቁመት ይደርሳል። ቤንዚን ከመረጣችሁ ማታ ካምፕ ደርሳችሁ ተሳቢውን ካላቀቃችሁ በኋላ ሞልታችሁ እደሩ።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ተሳቢው እስከ 12,000 ፓውንድ ሆኖ መንገዱ ሜዳ ወይም ዝቅተኛ ተራራ ከሆነ ቤንዚን፣ በወረቀቷ የሚፈቅድ ሦስት ሩብ ቶን፣ ካልበቃም አንድ ቶን። ከ14,000 በላይ ከሆነ፣ ወይም ኮሎራዶና ዩታን የሚያዘወትር ከሆነ፣ ወይም ሥራው ሆትሾት ከሆነ አንድ ቶን ናፍጣ። በመካከሉ ላለው የሚወስነው መንገዱ ነው። በሁለቱም ቢሆን ባለ 8 ጫማ መጫኛ ምረጡ፤ በ6 ጫማ ተኩል ሹል ጥምዝ ላይ የተሳቢው ጥግ የኋላውን መስኮት ሊሰብር ስለሚችል ተንሸራታች መቆለፊያ ያስፈልጋል።

ከገዛችሁ በኋላ ለጉዞ እንደተሰናዳችሁ፣ ሰውም ዕቃም ውሃም ሞልታችሁ ትራክ ስቶፕ ላይ ባለው ሚዛን ተመዘኑ። አንድ ጊዜ ከተሳቢው ጋር፣ አንድ ጊዜ ፒክአፑን ብቻውን። የፒክአፑ ሁለት አክስሎች በመጀመሪያው ከሁለተኛው የበለጡበት መጠን ትክክለኛው የፒን ክብደት ነው። ከልክ ካለፈ ከተሳቢው የፊት ጓዳ ከባዱን ዕቃ ከጎማዎቹ ወደ ኋላ አዛውሩ፤ ፒኑ ከተሳቢው ክብደት 15 በመቶ በታች እንዳይወርድ ግን ጠብቁ፣ ካነሰ ተሳቢው በንፋስና በቁልቁለት መወዛወዝ ይጀምራል።